ደሳለው የቆለፈው ደብዳቤ

ዝናሽ ከኩዌት ደብረ ታቦር ስትገባ የወንድሟ የደሳለው አርባ እንኳ አልፎ ነበር። ወግ ደርሷት አላለቀሰችም። እናት አባታቸው ቀድመው አልፈዋል፤ እሷ ለደሳለው፣ ደሳለው ለእሷ ነበሩ፣ አለቀ። ከአረብ አገር ያመጣችው ክንዷ ላይ የዘይት ጠባሳ ነው፤ ስለ እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከደሳለው የቀራት ደግሞ አንድ ጋቢና አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ያውም መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግድ ያነሳው፣ ሜሞሪው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋባይት ብቻ የሆነ፣ ሲነሣ እንደ እብናት ገበያ አህያ የሚያቃስት።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ «ለእታለም» የሚል ጽሑፍ አለ። በስልክ ነግሯት ነበር። «በዚህች ካርድ ስንቱን አወራሻለሁ? እዚህ እጽፍልሻለሁ፤ ስትመጪ ታነቢዋለሽ» ብሏት። ስትመጣስ? ጽሑፉ ተቆልፏል! ቁልፉን ሳይነግራት ሄደ። የልደት ቀኑን ሞከረች፣ የእናታቸውን ስም ሞከረች፣ የአካባቢውን ስም፣ ጋፋትንም እብናትንም ሞከረች። ሦስት ወር ሙሉ እምቢ አላት።

በዚያ ላይ ማሽኑ ራሱ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳለች። አንድ ፊደል ተመቶ እስኪታይ ድረስ እንቅልፍ ይወስዳል። አከራይዋ እትዬ አዛለች በበሩ ብቅ ይሉና «አንቺ ልጅ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ከዚህ ቆርቆሮ ጋር ምን ትማከሪያለሽ?» ይሏታል። «ይሁን እትዬ» ትላለች። ሰው ከየት ይምጣ? አብሮ አደጎቿ ገሚሶቹ አግብተዋል፣ ገሚሶቹ እሷ ወደ መጣችበት አገር ሄደዋል።

በመጨረሻ ኮምፒዩተር ጠጋኙ ሙላቴ አንድ ሲዲ ሰጣት።

«ሊኑክስ ይባላል፤ ኮምፒዩተሩን እንደ አዲስ የሚያስነሣ ፕሮግራም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደካማ ማሽን የሚሆን አለው። ግን ሲገባ የነበረውን ጠራርጎ ያጠፋል፤ የምትፈልጊውን ቀድመሽ በፍላሽ ያዢ።»

«የተቆለፈውስ?»

«እሱን ከባለቤቱ በቀር ማን ያውቃል፣ እህቴ?»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ገበያ ወርዶ ግቢው ጭር ሲል፣ ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሲዲውን ከተተች። በጥቁሩ ገጽ ላይ ነጫጭ ጽሑፍ ይወርድ ጀመር። ከዚያ ቆመና፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ደሳለው ያሰናዳው ገጽ፣ በእጁ የደረደረው ሁሉ ሊሄድ ነው። ዳግም የሚቀበር መሰላት። «ይቅር በለኝ» አለችና አዎ የሚለውን መታች።

ብዙ ቆይቶ ማሽኑ ስሟን ጠየቀ። ቀጠለና ማንም የማይገምተው የይለፍ ቃል ስጪኝ አላት።

ማንም የማይገምተው? አንድ ብቻ አላት፤ የክርስትና ስሟ። እናታቸው «የክርስትና ስም እንኳን ሊጻፍ ደጅ ላይ አይጠራም፤ መተተኛ ይሰማዋል!» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። እናት አባታቸው ካለፉ ወዲህ ከንስሐ አባቷና ከደሳለው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ዝናሽ እስከዚያች ቀን ጽፋው አታውቅም፤ ለመጻፍም አስባ አታውቅም። በፈረንጅ ፊደል ወለተ ሥላሴ ብላ ጀመረች። መሃል ላይ እጇ ቀጥ አለ።

«ውይ፣ እኔ ሞኝ!»

እሱስ የዚያችው እናት ልጅ አይደል? ቆልፍ ቢሉት በምን ይቆልፋል?

ጭነቱ እስኪያልቅ ክፍሏ ውስጥ ስትንጎራደድ ቆየች። አሮጌው ማሽን እንደ ጎረምሳ ቀልጠፍ ብሎ ተነሣ። ፍላሹን ሰካች፤ ቁልፍ ሲላት ያንኑ ስም ጻፈች። ተከፈተ።

«ወለተ ሥላሴ» ይላል መጀመሪያው። በዚህ ስም የሚጠራት ወንድም ዳግም እንደማይኖር ያን ጊዜ ገባትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ማንበቧን ግን አልተወችም።

«ዛሬ መስቀል ነው። ስትደውዪ ደህና ነኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ኩላሊቴ ደክሟል ብለውኛል። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። አንቺ እንኳ ደህና ሁኚልኝ፤ ዛሬ ስትስቂ ሰምቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

መስቀልን አስታወሰችው። አሠሪዎቿ የፈላ ዘይት የደፉባት በዋዜማው ነበር። በማግስቱ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ መታጠቢያ ቤት ተቆልፋ ደውላ፣ እንዳያውቅባት ስቃ ነበር።

እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳውን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረችው።

«እኔም እኮ ውሸቴን ነበር፣ ደሳለው» አለችው።