ከአስፋልት ላይ የተለካ ማሳ

ያልረገጡትን መሬት ረግጫለሁ ብሎ መፈረም ከስርቆት ያነሰ ጥፋት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ሌባ የሚወስደው ያለውን ነው፤ በሐሰት የሚመሰክር ግን ሰው ገና ያልሰበሰበውን ፍሬ አስቀድሞ ያጠፋል። ቅጣቱም ብዙውን ጊዜ በገዛ እጁ ካዘጋጀው ነገር ይመጣበታል። በመቱ ከተማ ነዋሪ የሆነው ዲበኩሉ ደርበው ያደረገውና የደረሰበት ይህንኑ ያስረዳል።

"አሁን ጋዝ ስጠው" አሉ አቶ ጅራታ።

ዲበኩሉ የቬስፓውን እጀታ ጠመዘዘ። ሞተሩ ሲጮህ ሽማግሌው መካኒክ በሁለት ሽቦ ጫፍ የያዟት የመፈተሻ አምፖል ደመቀች፤ እጀታውን ሲለቀው ደበዘዘች።

"አየህ? የአባትህ ቬስፓ ባትሪ የለውም። መብራቱን የሚያገኘው በቀጥታ ከሞተሩ ዙረት ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲያዘግም ይቀንሳል፤ አቅጣጫውንም በየቅጽበቱ ይለዋውጣል። አምፖል ይህን ይችለዋል። ይህን ዕቃህን ግን እንዲሁ ብናገናኘው ሁሩሙ ሳትደርስ ይቃጠላል።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ነገ ከሰዓት ና።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ነገ ሲሉ እኮ ሳምንት ማለት ነው።"

"የአባትህን ፍሬን ስሠራ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ አባትህ ግን ሃያ ዓመት ነዳበት። አንተ የምትፈልገው የትኛውን ነው?"

ዕቃው ያለበትን ቦታ በቁጥር የሚያሳይ ጂፒኤስ ነበር። ዲበኩሉ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ የመስክ ባለሙያ ነው። የውጭ አገር ገዢዎች ከዚያ ዓመት ጀምሮ የቡናው ማሳ ማዕዘኖች የሚገኙበትን ቦታ በቁጥር የሚያሳይ ሰነድ ካልቀረበላቸው አንድ ከረጢት እንኳ እንደማይወስዱ አስታውቀው ነበር። በሁሩሙ ዙሪያ የሚገኙ የሠላሳ አንድ ገበሬዎች ማሳ ለዲበኩሉ ደረሰው፤ ሰነዱም እስከ ኅዳር ሠላሳ መላክ ነበረበት። በስልክ የሚወሰድ ልኬት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚዛባ ማኅበሩ አይቀበለውም። የማኅበሩ ጂፒኤስ ደግሞ የውስጥ ባትሪው አብጦ ከወጣ ወዲህ ከውጭ ኃይል ካላገኘ አይነሳም። ዲበኩሉ መሣሪያውን ከቬስፓው ጋር ለማገናኘት ያሰበው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስከዚህ ድረስም የሚነቀፍ ነገር አላደረገም።

በማግስቱ አቶ ጅራታ ሥራቸውን ጨርሰው ጠበቁት። ከአሮጌ ቴሌቪዥን በፈቷቸው አራት ዳዮዶች የሚለዋወጠውን የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰውታል፤ መዋዠቁን የሚያረጋ ካፓሲተር አስከትለዋል፤ ኃይሉን አምስት ቮልት ላይ የምታቆም የጣት ያህል ሰሌዳም ጨምረዋል። ሁሉንም በፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ከተው ከቬስፓው የፊት ጋሻ ጀርባ አስረውታል። ሞተሩ ሲነሳ የጂፒኤሱ መስታወት በራ፤ ቁጥሮቹም ተደረደሩ።

"እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ።"

"ቆይ። አሁን ሞተሩን አጥፋው።"

ዲበኩሉ አጠፋው። መስታወቱ ጨለመ።

"ይህን አትርሳ። ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። ቬስፓ ደግሞ ቡና ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ይህችን ትይዛለህ።" አቶ ጅራታ ከጠረጴዛው ሥር የግማሽ ጡብ ያህል የምታክል ደረቅ ባትሪ አወጡ። ማንገቻ ያላት የሸራ ቦርሳ ራሳቸው ሰፍተውላት ነበር። "ስትነዳ ከሞተሩ፣ ስትወርድ ከዚህች ትሰካዋለህ። ኪራይ አልጠየቅሁህም፤ ስትጨርስ ትመልሳታለህ።"

ዲበኩሉ ቦርሳዋን በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ክብደቷን ለካና መልሶ አስቀመጣት። "ይህን አንግቼ በሁሩሙ ገበያ መሐል ልለፍ? ፀረ ተባይ የሚረጭ ነው የምመስለው።"

"ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ማሳው ውስጥ ይገባል። አንተስ የተላክኸው ለምንድን ነው?"

"እዚሁ ትቀመጥልኝ። ካስፈለገችኝ እመጣለሁ።"

አቶ ጅራታ ቦርሳዋን በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ሰቀሏት። ዲበኩሉ አልመጣም። በመቱ ነጭ የራስ ቁር አድርጎ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የአባቱን ቬስፓ አብረቅርቆ የሚነዳ ሰው በመባል ይታወቃል። ሰው ሲያየው ባለሙያ እንጂ ተሸካሚ እንዳይመስል ይጠነቀቅ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ነው ወደ ጥፋት ያደረሰው።

በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንዱም ገበሬዎች በየተራቸው ሊመሩት የሚችሉባቸው መንገዶች ሁሉ ከአስፋልቱ ወርደው በቡናው ውስጥ ለውስጥ ወደ ወንዝ የሚዘልቁ የእግር መንገዶች መሆናቸውን ዲበኩሉ አየ። ቬስፓውን ከሁሩሙ መውጫ ካለው ትንሽ ድልድይ አጠገብ አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። በቀኝ እጁ ጋዙን እንደያዘ በግራው የመሣሪያውን ቁልፍ ይጫን ጀመር። መጀመሪያ የተጠሩት ወይዘሮ ዲሪቤ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸውን አቢጋኤልን በመቱ ጤና ኮሌጅ የሚያስተምሩት በዚያ ቡና ነው። ቡናቸው በዚህ ዓመት ካልተሸጠ ልጅቱ ትምህርቷን ታቋርጣለች።

"እትዬ ዲሪቤ፣ ማሳዎ በየት በኩል ነው?"

"ና ላሳይህ። ከዚህ ቆመህ የምታየው አይደለም። ታች ነው፣ ከዋዴሳው ባሻገር።" ዋዴሳ ያሏት በድንበሩ ላይ የቆመችውን ትልቅ የዋንዛ ዛፍ ነው።

"ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?"

"ለእኔ አርባ። ለአንተ እንጃ።"

"በጣትዎ ያሳዩኝ፤ ይበቃል።"

"በጣት ከሆነማ ጨረቃንም አሳይሃለሁ። የዲሪቤ ናት ብለህ ትጽፍልኛለህ?"

ተራቸውን የሚጠብቁት ገበሬዎች ሳቁ። ዲበኩሉ ፊቱ ቀላ።

"ሳተላይቱ እኮ የሚያየው ከሰማይ ነው፣ እትዬ። ከሰማይ ለሚያይ አርባ ደቂቃ ምኑ ነው?"

"ከሰማይ የሚያየው ጌታም ቢሆን ወርዶ ነው የጎበኘን። ህን ተኡ፣ ልጄ፤ አይሆንም። ግን ይገባኛል፤ ጫማህ አዲስ ነው።"

"ይፈርማሉ ወይስ የሚቀጥለውን ልጥራ?"

ወይዘሮ ዲሪቤ ዙሪያቸውን አዩ። ከዝርዝሩ የወጣ ሰው ቡናውን ይዞ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። ቅጹ ላይ ፈረሙ። ዲበኩሉም ቆሞ ከነበረበት ነጥብ ላይ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ጥቂት እየጨመረና እየቀነሰ አራት ማዕዘን ሠራ፤ "በማሳው በአካል ተገኝቼ፣ ዙሪያውን ተራምጄ ለክቻለሁ" ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር ስሙን አኖረ። ቅጂውን ለወይዘሮ ዲሪቤ ሰጥቶ ጎንፋ የሚባለውን ጎረቤታቸውን ጠራ። ሠላሳ አንዱን ማሳ በሦስት ቀን ጨረሰ። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለ ፍጥነቱ አመሰገኑት፤ ምስጋናውንም ተቀበለ።

በሚቀጥለው እሑድ አቢጋኤል ከኮሌጅ መጥታ ቅጂውን አገኘችው። ቁጥሮቹን በስልኳ ካርታ ውስጥ አስገባች፤ ከዚያም ስልኩን አቅርባ አየች፤ አርቃም አየች።

"እማዬ፣ ቡናችን አስፋልት ላይ ነው የበቀለው።"

"እንግዲያ ዘንድሮ ለቃሚው መኪና ነው በይኛ።"

"እየቀለድሁ አይደለም። ይኸውልሽ፤ ድልድዩ ይህ ነው፤ እኛ እዚህ ነን። አንዱ ማዕዘናችን ድልድዩ ሥር ገብቷል።"

ወይዘሮ ዲሪቤ ሳቃቸውን አቆሙ። አቢጋኤል ያን ቀን የጎንፋንና ቀኖ የሚባለውን የሌላ ጎረቤታቸውን፣ ቀጥሎም የስድስት ሰዎችን ቅጂ ለምና አየች። የሁሉም ማሳ በመንገዱ ላይ ተሰልፏል።

ሰኞ ማለዳ እናትና ልጅ በሚኒባስ መቱ ገቡ። ዲበኩሉ በደጁ ቬስፓውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። አቢጋኤል ስልኩን ዘረጋችለት።

"የስልክ ካርታ ይስታል" አለ ሳያይ።

"ይስት ይሆናል። ግን ሁሉንም ወደ አስፋልቱ ነው እንዴ የሚስተው?"

"አንቺ የምትማሪው መርፌ መውጋት ነው ወይስ ካርታ?"

"መርፌም ቢሆን ሰውየው ያለበት ቤት ተገብቶ ነው የሚወጋው።"

ወይዘሮ ዲሪቤ የልጃቸውን ክንድ ያዙ። "ልጄ፣ እኔ ልከስህ አልመጣሁም። ለማንም አልተናገርሁም። ገና ዘጠኝ ቀን አለ። ና ውረድና ለካው። የሟቹ ቦት ጫማ ቤት ተቀምጧል፤ አውስሃለሁ።"

ዲበኩሉ ጨርቁን አጥፎ ኮርቻው ላይ አኖረ። "አስብበታለሁ" አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ አቶ ጅራታ ጋራዥ ሄደ። ቦርሳዋ በምስማሯ ላይ እንደተሰቀለች ነበረች።

"ልትወስዳት መጣህ?" አሉ አቶ ጅራታ።

ዲበኩሉ ቦርሳዋን ተመለከተ። አብረውት የሚሠሩት በሦስት ቀን የጨረስከውን ሥራ ለምን ትደግማለህ ብለው እንደሚጠይቁት አሰበ። "አይ፣ የፍሬኑን ሽቦ ላስጠብቅ ነው" አለ። አቶ ጅራታ ያልላላውን ሽቦ አጠበቁለት። ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የስንፍና ብቻ አልነበረም፤ አስቦ የመረጠው ሆነ።

ኅዳር ሃያ ስምንት ቀን ሰነዱንና መሣሪያውን አስረከበ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሀረገወይን ጂፒኤሱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው በውስጡ የተመዘገበውን ከፈቱ። መሣሪያው ኃይል ባገኘ ቁጥር ማንም ሳያዘው የሄደበትን መንገድ በየደቂቃው ይመዘግባል። ዲበኩሉ ይህን አያውቅም ነበር። ወይዘሮ ሀረገወይን አስጠሩት።

"ይህ ቀይ መስመር ምንድን ነው?"

"የመቱ ሁሩሙ መንገድ ነው።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ከአስፋልቱ አሥር ሜትር አልራቀም። ከድልድዩ አጠገብ ብቻ አራት ሰዓት ቆሟል። ማሳዎቹ ውስጥ የገባኸው መቼ ነው?"

"ስገባ… መሣሪያው ይጠፋ ነበር። ከቬስፓው ስነቅለው ይጠፋል።"

"ሲጠፋ ታዲያ ቁጥሮቹን ማን ሰጠህ?"

ወይዘሮ ሀረገወይን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ይህ ዕቃ ተበላሽቶ ቢቀመጥ ኖሮ አንተን የሚያጋልጥ አልነበረም። ነፍስ የዘራህበት አንተ ነህ" አሉና ኮምፒውተሩን ዘጉ።

የቀረው ሁለት ቀን ነበር። ሰነዱ አልተላከም። የሠላሳ አንዱ ገበሬዎች ቡና ያን ዓመት ወደ ውጭ ሳይሄድ በአገር ውስጥ ገበያ በረከሰ ዋጋ ተሸጠ። አቢጋኤል ለግማሽ ዓመት ከኮሌጅ ወጣች።

የማኅበሩ ጉባኤ በታኅሣሥ ወር ሁሩሙ ላይ ተሰበሰበ። አንዳንዶቹ በዚያው ሰዓት ይባረር አሉ። ሊቀመንበሩ ወይዘሮ ዲሪቤን ጠየቋቸው።

"ይባረር ማለት ለእሱ ቀላል ነው" አሉ ወይዘሮ ዲሪቤ። "ቬስፓውን አስነስቶ ይሄዳል። የእኛ ማሳ ግን ለከርሞም አልተለካም። መጀመሪያ ይውረድ።"

"ቁጥሩን ዳግመኛ እሱ አይጽፍም" አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን።

"አይጻፍ። ይሸከም።"

ይህን ብለው ከነጠላቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ዲበኩሉ እግር አጠገብ አኖሩ። የሟች ባለቤታቸው ቦት ጫማ ነበር። ዲበኩሉ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን ክር ፈታ።

ውሳኔው በሚከተለው መንገድ ተፈጸመ። ኦላና የሚባል ሌላ የመስክ ባለሙያ ጂፒኤሱን ይዞ ልኬቱን ወሰደ። ዲበኩሉ ከአቶ ጅራታ ምስማር ላይ የወረደችውን ባትሪ አንግቶ፣ ያለ ደመወዝ፣ ከኦላና ኋላ በእግሩ ሄደ። በየማሳው ባለቤቱ እያየ ዙሪያውን ተራመደ። የመጀመሪያው የወይዘሮ ዲሪቤ ማሳ ሲሆን ከአስፋልቱ እስከ ዋዴሳዋ አርባ ሦስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ሠላሳ አንዱን ማሳ ለመዞር ዘጠኝ ቀን በቃ። በአሥረኛው ቀን ዲበኩሉ ደርበው ባትሪዋንና ቦት ጫማውን መለሰ፤ በሐሰት ሰነድ ምክንያት ከሥራ የተሰናበተበትን ደብዳቤም ፈርሞ ተቀበለ።