ማንም ያልረገጠው ኮሪደር

እማማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ወለል ወልውለው ጡረታ ሲወጡ፣ ከእንግዲህ ወለል የሚባል ነገር ዓይኔ አይየው ብለው ነበር። ይኸው ዛሬ የልጅ ልጃቸው መሥሪያ ቤቷ ድረስ አምጥታ፣ ኮምፒውተር ፊት ጎልታቸው ወለል ታሳያቸዋለች።

የልጅቷ ሥራ የተኩስ ጌም ውስጥ ያለውን ዓለም መሥራት ነው፤ ተጫዋቹ ጠመንጃውን ደግኖ የሚሮጥበትን ቤት፣ ደረጃውን፣ ግቢውን። የሙከራ ጊዜዋ ዛሬ ያልቃል። የሠራችው ሆስፒታል ውስጥ የገባ ሁሉ ግን የኋላውን በር አጥቶ ሲዞር ይውላል። ትናንት ጌሙን ከፈተሹት ስምንት ሞካሪዎች የወጣው አንድ ብቻ ነው። አለቃዋ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ስምንት አስገባለሁ፣ ሁሉም ካልወጡ በሰላም እንለያያለን ብሏታል። መውጫውን የሚያሳይ ቀስት ልለጥፍ ብትለው፣ ቀስት የሚለጥፈው ቤት መሥራት ያቃተው ነው ብሎ አፏን አስያዛት። ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው ስታስብ አያቷ ትዝ አሏት።

እማማ መነጽራቸውን ሰክተው ገና ሁለት ኮሪደር ሳያልፉ ደማቸው ፈላ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል፤ ወለሉ ላይ እድፉ እንደ ጨው እኩል ተነስንሷል።

«ማነው እድፉን እንዲህ የበተነው?»

«እኔ ነኛ፣ እማማ። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት እንዲመስል ብዬ።»

«ጭራሽ ሰው ያልገባበት ነው የሚመስለው። መሃሉን ሰው ይረግጠዋል፣ ይነጣል። እድፍ ጥግ ነው የሚወደው፣ የበር ጀርባ ነው የሚወደው። አንቺ ቤትሽን ጠርገሽ አታውቂም እንዴ?»

ልጅቷ ተጫዋች እኮ ይሮጣል፣ ይሄን አያይም ልትል ጀመረች። እማማ አላስጨረሷትም። መታጠፊያው ላይ እጅ ያወዛው ግድግዳ የታለ? ጋሪ ወገቡ ላይ የፋቀው ቀለምስ? እሳቸው አዲስ ፎቅ ሲመደቡ መውጫው በየት ነው ብለው ማንንም ጠይቀው አያውቁም፤ ወለሉ ይነግራቸዋል። እንዲያውም የተማሩት ሐኪሞች ናቸው መንገድ ጠፍቷቸው እሳቸውን የሚጠይቁት።

እስከ ምሳ ሰዓት እዚህ ጥረጊ፣ እዚያ አቆሽሺ እያሉ አዋከቧት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጸዱ ኖረው ዛሬ ቆሻሻ አዳይ መሆናቸው ራሱ አናደዳቸው።

ከሰዓት ሞካሪዎቹ ገቡ። ሰባቱ በየተራ በኋላው በር ወጡ። ስምንተኛው፣ አንድ ጢማም፣ ኮሪደሩ መሃል ቆሞ ጣሪያውን በጥይት ይበሳል። መናገር ክልክል ነው። ልጅቷ ጥፍሯን ትበላለች፤ እማማ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ይሄ ሰውዬ እናቱ ቤትም በመስኮት ነው የሚገባው ይላሉ በሆዳቸው። ጥይቱ ሲያልቅበት ጊዜ ዓይኑ ወረደ። በነጣው ወለል መታጠፊያው ድረስ ሄደ፤ እዚያ ወዛሙን ግድግዳ ተከትሎ ዞረና በሩን ከፍቶ ወጣ።

አለቃው ለልጅቷ ሰኞ ነይ፣ ውል እንፈራረማለን አላት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ግድግዳውን አየ።

«ይሄን ያወዛው ማነው?» አለ።

ልጅቷ ስለ ቀለሙና ስለ ብርሃኑ ልታስረዳው ስትጀምር እማማ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«በሽተኛ ነዋ፣ ልጄ» አሉት። «ሐኪም ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚሄደው ማን መሰለህ?»