የጎደሉት ስድስት ብልቃጦች

ሰኞ ጠዋት የቤተ ሙከራችንን ፍሪዘር ሳጥን ከፍቼ ስቆጥር ሠላሳ አራት ብልቃጥ ብቻ አገኘሁ። አርባ ነበሩ። እኔ ግሪጃ ሳልቆጥር ዘግቼ አላውቅም። አንዱን አቅልጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ ባየው፣ እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት ፕሮቲን እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጥሯል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው።

የአራት ወር ልፋት ነበር። የሰውን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ ከተን፣ ባክቴሪያውን ቀልበን አሳድገን፣ ካመረተው ሁሉ መሃል ያንን አንድ የሰው ፕሮቲን አጣርተን ያወጣነው። ሐሙስ ቁስል እንዴት እንደሚድን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ልንልከው ነበር።

ማን እንዳደረገው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። እውነቱን ልናገር፣ ረዳታችንን ታስኒምን ከተቀጠረች ጀምሮ አላመንኳትም። ዝምታዋ አይጥመኝም። ዓርብ የእኛ የሂንዱዎች የመሣሪያ በዓል ነበር። በዚያ ቀን መሣሪያ ያርፋል፤ ከፍሪዘሮቹ በቀር የማሽኑን ሁሉ ሶኬት ነቅዬ፣ እርድና ቀይ ዱቄት ቀብቼ፣ አበባ አልብሼ፣ የበዓል መብራት የምዘረጋው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ሰው አስነክቼ አላውቅም። እሷ በር ላይ ቆማ የበዓሉን ጣፋጭ በላችና ሄደች። ይህንንም ያዝኩባት።

የበሩን መዝገብ ባየው ደግሞ፣ ቅዳሜ ሁላችንም ቤታችን ሆነን የበዓሉን ሁለተኛ ቀን ስናከብር፣ ብቻዋን ገብታ ሁለት ሰዓት ቆይታለች። ባለፈው ወር ከመንገዱ ማዶ ካለው ተፎካካሪያችን ድርጅት ሰው ጋር ሻይ ስትጠጣ አይቻታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ? ስድስቱን ሸጠች፣ የቀረውን አበላሸች።

በሻይ ሰዓት፣ ሁሉም ባሉበት ያዝኳት።

«አንቺ፣ ቅዳሜ እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?»

«የማሳድጋቸውን ሴሎች ልመግብ ነው የመጣሁት፣ እትዬ። እነሱ በዓል አያውቁም።»

«ስድስቱ ብልቃጥስ? እነሱም ራባቸውና ወጡ?»

ፊቷ ቀላ። «እትዬ፣ ብቻችንን እንነጋገር።»

«ብቻችንን! ስሙልኝ እንጂ! ዓይነ ደረቅ!»

ኃላፊያችን ዶክተር ሄግዴ ጩኸቴን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። «ታስኒም፣ ብልቃጥ ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ።»

ደስ አለኝ። ክፉኛ ደስ አለኝ።

«ለምን?» አሏት። እኔን አየችና አንገቷን አቀረቀረች። «እስከ ምሳ ካልተናገርሽ ዕቃሽን ሰብስቢ። ውልሽ ዛሬ ያበቃል» ብለው ገቡ።

ታስኒም ክንዴን ይዛ ወደ ፍሪዘሩ ጀርባ ወሰደችኝ። ልጮህ ስል ጎንበስ ብላ ገመዱን አሳየችኝ።

«ቅዳሜ ስገባ ይሄ ተነቅሎ መሬት ላይ ነበር። በቦታው የበዓሉ መብራት ተሰክቷል። ሳጥኑ ዳር ዳር ያሉት ቀልጠዋል፤ መሃል የነበሩት ስድስቱ ብቻ ገና ድንጋይ ነበሩ። ገመዱን መልሼ ሰካሁና ስድስቱን ምድር ቤት ባለው ፍሪዘር አስቀመጥኳቸው።»

«የፍሪዘሩ ማንቂያ ደወልስ? አልጮኸም?»

«ማን ይስማው፣ እትዬ? ጮኾ ጮኾ ባትሪው አልቋል።»

የሶኬቱ ራስ ላይ ሦስት ቢጫ የጣት አሻራ አለ። እርድ። የባክቴሪያው መናጫ ማሽን ገመድና የፍሪዘሩ ገመድ ተጠላልፈው ነበር። የመናጫውን ነቀልኩ ብዬ የፍሪዘሩን ነቅያለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ጠዋት በር ላይ ጠብቄዎት ነበር። እንዳላዩኝ ሆነው አለፉኝ። ጡረታዎ አምስት ወር ነው የቀረው፤ ሰው ፊት ምን ብዬ ልናገር?»

ትታኝ ወጣች። ዕቃዋን ስትሰበስብ ይሰማኛል። አልዋሽም፣ ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። እርድ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። የሳሪዬን ጫፍ በውሃ አርሼ ተመለስኩና ሶኬቱን ያዝኩት። ያዝኩትና ጣቶቼ ቢጫው ላይ ልክክ ብለው ገጠሙ። ምነው ምድር በዋጠችኝ! ጨርቁን ለቅቄ ዶክተር ሄግዴ ቢሮ ገባሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አላባረሩኝም። የፍሪዘሩን የቆጠራ መዝገብ ግን ከእጄ ወስደው ለታስኒም ሰጧት። ስድስቱ ብልቃጥ ኩልል ብሎ የጠራ ሆኖ ተገኘ፤ ሐሙስ ተላከ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ «ችግር የለም፣ እትዬ» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ። ዛሬም ፍሪዘሩን ከመክፈቷ በፊት ትጠራኛለች። «እትዬ፣ ይምጡ፤ እርስዎ እያዩ ልቁጠር።»

«አያስፈልግም፣ አምንሻለሁ» እላታለሁ።

እጀታውን ይዛ ትጠብቀኛለች። እስክመጣ ድረስ አትከፍተውም።