እጃቸው ያልታየው ዳይሬክተር

በፊልም ሽልማት ድርጅቱ ውስጥ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ በስሟ የሚጠራት የለም። «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ፋይል አምጪ ሲሏት ታመጣለች፤ ግን ለምን እንደተፈለገ ሳትጠይቅ ከእጇ አይወጣም። መልሱ ካልጣማት ደግሞ ራሷ ቁጭ ብላ ታነበዋለች።

ሽልማቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ሊቀመንበሩ በኮሪደሩ ላይ ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ አሉ። የእሷ ድርሻ በየዓመቱ በምርጥ ዳይሬክተርነት ያሸነፉትን ሰዎች ፎቶግራፍ መፈለግ ነበር። የሁለት ቀን ሥራ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ነገር ከነከናት።

ሦስት ፊልሞች ናቸው። ሦስቱንም የሠሩት አንዲት ሴት ናቸው። የመጀመሪያው ፊልም ምርጥ ተዋናይ አስብሏል፣ ሁለተኛው ምርጥ ተዋናይትና ምርጥ ካሜራ፣ ሦስተኛው ምርጥ ድርሰት። የዳይሬክተሯ ስም ግን ከአሸናፊዎቹ ቀርቶ ከእጩዎቹም መሀል አንዴ እንኳ የለም። ሁሉም የተሸለመበትን ፊልም የመራው ሰው የት ገባ?

ከታችኛው መደርደሪያ ካርቶኖቹን እየጎተተች፣ እያስነጠሳት፣ የዳኞቹን ቃለ ጉባኤ አገኘች። የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ይላል፦ «ትወናው ድንቅ ነው። አባትየው ሸሚዙን ሲተኩስ ሁላችንም አልቅሰናል። ዳይሬክተሯ ግን ምን እንደሠራች አልታየንም። ተዋናዩ ራሱን በራሱ የመራ ይመስላል።» ከሥሩ አምስት ፊርማ። በሌሎቹ ሁለት ዓመታትም ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት በዳይሬክተርነት ስላሸነፈው ሰው ደግሞ «እጁ በየትዕይንቱ ጎልቶ ይታያል» ተብሎ ተጽፏል።

ምሳዋን ትታ ፊልሙን ከፈተች። አንድ አባት ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። ጎረቤት መጥቶ ልጁ መሞቷን ይነግረዋል። አባትየው አይጮህም፣ አይወድቅም። ኮሌታውን ይተኩሳል፣ እጅጌውን ይተኩሳል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይቆልፋል። ካሜራው ከመስኮቱ ውጪ ቆሞ ያየዋል እንጂ አይጠጋውም። እትዬ ለምን ይህን ተዋናይ በመድረክ ታውቀዋለች፤ ሲያለቅስ ድምፁ ሦስተኛ ቤት የሚሰማ ሰው ነው። ዝም ያሰኘው ማን ነው?

በአሮጌ የአባላት መዝገብ ላይ የነበረው ስልክ አሁንም ይሠራል። ያነሱት የዳይሬክተሯ ታናሽ እህት ነበሩ። ስለ ሽልማት ከሆነ እህታቸውን እንዳታስቸግር ለመኗት። ስለ ሸሚዙ ልጠይቃቸው ነው ስትል ግን አድራሻውን ነገሯት።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳይሬክተሯ ፊልም ካቆሙ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ ድራማ አስተምረዋል። ሽልማት የሌለው ሰው ፕሮዲውሰር አያገኝም፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳያልቅ እንግዳዋ ስለ ሸሚዙ ጠየቀች። እሳቸውም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ተዋናዩን አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ልብስ እንዳስተኮሱት ነገሯት፤ የሠራተኞቹን ሁሉ ልብስ። ተቆጥቶ ጥሎ ሊሄድ ነበር። እጁ ሳያስበው መተኮስ ሲጀምር፣ «ሸሚዙ ሳያልቅ ማልቀስ የለም» ብቻ አሉት። ካሜራማኑንም ከመስኮቱ ውጪ አቆሙትና በሩን ቆለፉበት፣ እንዳይጠጋ።

እትዬ ለምን ቃለ ጉባኤውን ይዛ ነበር የመጣችው። ታሳያቸው ወይስ ትተወው ስታመነታ፣ እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ፊርማዎቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው አራተኛው ላይ ቆመ።

«ይሄ መምህሬ ነው» አሉ።

«ያስተማሩዎት?»

«አዎ፣ ነፍሱን ይማረውና። ተመልካች እጅሽን ያየ ቀን ሥራሽ ተበላሽቷል፣ ተደበቂ፣ እያለ አራት ዓመት የነዘነዘኝ እሱ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እሱም አላየኝም። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ ማለት ነው።»

አብረዋቸው የተቀመጡት እህትየው ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እንግዳዋ ያማል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሌላ ሰው ቢሆን አይጠይቅም።

«ያማል እንጂ፣ ልጄ። ሁለት ዓመት በሲኒማ ቤት ደጃፍ አላለፍኩም። ለምን እንደሆነ አለማወቄ ነበር የባሰው። ዛሬ እንኳን አወቅኩት።»

በማግስቱ እትዬ ለምን ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባች። የዳይሬክተሯ ፎቶ ከአሸናፊዎቹ ጋር ይሰቀል ስትላቸው፣ ያላሸነፈውን ሁሉ ከሰቀልን ግድግዳው አይበቃም አሏት። እንግዲያው ከኮሪደሩ ጫፍ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ቴሌቪዥን ላስቀምጥ አለች። እዚያማ እንደፈለግሽ አሉ፤ ማንም አያየውም ብለው ነው።

የሸሚዙን ትዕይንት እየደጋገመ እንዲያሳይ አደረገችው። ከጎኑ የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ፣ ከሥሩ የዳይሬክተሯን ስም በትልቁ ለጠፈች። በመጀመሪያው ቀን እጁን ሊታጠብ የመጣ ሁሉ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ሰው ከፎቶዎቹ ፊት ይልቅ እዚያ ጫፍ መሰብሰብ ጀመረ። ሊቀመንበሩም መጡ፣ አዩ፣ ወረቀቱን አነበቡ። ወንበር አስመጥተው ደግመው አዩት።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሯ ራሳቸው መጡ። ማንም አላወቃቸውም። ከሰው ጀርባ ቆመው ፊልሙን ሳይሆን የተመልካቹን ፊት ነበር የሚያዩት፤ የቱ ጋ ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ የቱ ጋ እንደሚያቀረቅር። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ግራ እጁን ቶሎ አነሳው» አሉ፣ አጠገባቸው ለቆመችው እትዬ ለምን በሹክሹክታ። «ያን ጊዜ ማስደገም ነበረብኝ።»

«ለምን?»

ዳይሬክተሯ ክንዷን ያዙና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረጓት። ጣታቸውን ዘርግተው የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩዋት ጀመር።