መላጊያው ላይ የተጻፈው ስም

የቤት ለቤት አሰሳው ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለችው ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ሐቢባ ብቻ ነበርን። የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ጓድ አስፋው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የዱቄቱን በርሜል በዱላ ወጉ፣ በመጨረሻ ከአልጋ ስር የአያቴን ሳጥን ጎትተው አወጡ።

አያቴ ኢሳ አናጢ ነበሩ። ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የመሣሪያ ሳጥናቸው ለአባቴ፣ አባቴም አምና ሲያርፍ ለእኔ ደረሰ። አባቴ "ዘሃራ፣ አትሽጪው፤ ለሰውም አታውሺው" ከማለት በቀር ስለ ሳጥኑ የነገረኝ ነገር የለም።

ጓድ አስፋው መጋዙንና መሮውን መሬት ላይ ደረደረ። የእንጨት መላጊያው ላይ ሲደርስ ገልብጦ ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

"ገብረየስ ወልደጻድቅ፣ የካ ሚካኤል" ብሎ አነበበ። ፊደሎቹ በጋለ ብረት የተተኮሱ ነበሩ። "ገብረየስ ማነው?"

"አላውቅም።"

"የቀበሌው ቅጽ ላይ ያስመዘገባችሁት ሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱም የእስላም ስም። ገብረየስን የት ነው የደበቃችሁት?"

"ጓድ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።"

"እስከ ሐሙስ ጠዋት። ወይ ሰውየውን ቀበሌ ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ ወይ አንቺ እዚያው ትቀሪያለሽ።" መላጊያውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወጣ።

እናቴ የፈሰሰውን ዱቄት መሰብሰብ ጀመረች።

"እማ፣ ማነው ገብረየስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። መልሷ ፈጠነብኝ። በዚያን ጊዜ ሰው ጎረቤቱንም፣ የሥራ ባልደረባውንም ይጠረጥር ነበር፤ እኔ ደግሞ እናቴን ጠረጠርኩ። አያቴንም ጭምር። ከወሎ መጡ ከሚባለው በቀር የልጅነታቸውን ወሬ ሰምቼ አላውቅም። የሰው ዕቃ የሰረቁ፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ያደረጉ መሰለኝ።

ማክሰኞ ስሙን ልጠይቅ የካ ሚካኤል ሄድኩ። አንዱ አላውቅም አለኝ፤ ሌላው "ማን ላከሽ?" ብሎኝ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወደ ጉርድ ሾላ አመለከቱኝ። "የወልደጻድቅ ልጅ ብርነሽ እዚያ ባሕር ዛፉ ጥግ ናት።"

ወይዘሮ ብርነሽ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው።

"እማማ፣ ገብረየስ የሚባል ወንድም ነበረዎት?"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"ወንድም የለኝም።"

የአያቴን ፎቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ራቅ፣ ቀጥለው ጠጋ አድርገው አዩት።

"ይህን ሰውዬ የት አገኘሽው?"

"አያቴ ናቸው። ኢሳ ይባሉ ነበር፤ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።"

ፎቶውን ሊመልሱልኝ ዘርግተው እንደገና ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ በመጨረሻ ሰጡኝ። "አላውቀውም። ሂጂልኝ" ብለው በሩን ዘጉት።

"የገብረየስን መላጊያ ቀበሌ ወስዶታል!" አልኩ በተዘጋው በር ላይ። "ሐሙስ ሃያ ሁለት ቀበሌ ካልመጡልኝ መታሰሬ ነው!"

ቤት እንደገባሁ እናቴ ላይ ጮኽኩ። "ሴትዮዋ ፎቶውን አይተው በሩን ዘጉብኝ! አያቴ ምን በድለዋቸው ነው?"

እናቴ ቁጭ አለች። "ማንንም አልበደሉም። ገብረየስ ማለት ራሳቸው ናቸው።"

ጣልያን በየካቲት 1929 አዲስ አበባን ሲፈጅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ገብረየስ የአናጢነት መሣሪያውን ብቻ ይዞ አመለጠ። ደሴ ላይ አብዱልገኒ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ደበቁት። ወታደሮች ቤቱን ሊፈትሹ ሲገቡ ነጋዴው "ልጄ ኢሳ ነው" አሉ። እውነተኛው ኢሳ በዚያው ዓመት በንዳድ ሞቶባቸው ነበር።

"ጣልያን ከወጣ በኋላም በዚያው ስም ቀሩ" አለች እናቴ። "'በልጃቸው ስም ተርፌ፣ እንዴት ልጃቸውን ዳግመኛ እገድልባቸዋለሁ?' ይሉ ነበር። ሰለሙ፤ እዚያው አግብተው አባትሽን ወለዱ።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ዘንድሮ ሁለት ስም ያለው ሰው ምን እንደሚደረግ አታውቂም?"

አውቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት ቀበሌ ሄጄ የሰማሁትን ስነግረው ጓድ አስፋውም ያለው ይህንኑ ነው።

"ስለዚህ አያትሽ በሐሰት ስም ይኖር ነበር። ለማን ይሠራ ነበር? ምስክር አለሽ?"

አስፋው ዘበኛውን ሊጠራ ሲነሳ ወይዘሮ ብርነሽ ገቡ። ማንንም ሰላም አላሉም።

"እስቲ ዕቃውን አምጣው፣ ልጄ።"

አስፋው እያመነታ ሰጣቸው። እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። "አባቴ ሲሠራው እዚህ ላይ ተሰነጠቀበት፤ በቀንድ ነው የደፈነው። እየው።"

አስፋው ጎንበስ ብሎ አየው።

"ገብረየስ ወንድሜ ነው" አሉ።

"የት ነው ያለው?"

"በጣልያን ጊዜ አለቀ ብዬ ተዝካር አውጥቼለታለሁ። ይቺ ልጅ ደግሞ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው ትላለች። ሁለት ጊዜ የሞተ ሰው ከየት ላምጣልህ?"

አስፋው ፊቱን ሳይፈታ ለረጅም ጊዜ ጻፈ፤ ሁለታችንንም አስፈረመን። "እንደገና እንጠራችኋለን። ዕቃው ለምርመራ ይቆያል" አለ። አልጠሩንም፤ መላጊያውንም አልመለሱልንም።

መንገዱ ዳር ስንደርስ ወይዘሮ ብርነሽ ቆሙ።

"በመሬት አዋጁ ዓመት የፎቶው ሰውዬ ደጄ መጥቶ ነበር" አሉ። "የእስላም ቆብ አድርጎ፣ ውሃ ለመነኝ። ውሃውን ሳይጠጣ ይዞ ግቢውን ያያል፣ ቤቱን ያያል፣ እኔን ያያል። መሬቴን ሊያስወርስ የተላከ ሰላይ መሰለኝና ሂድ አልኩት። 'ይቅርታ እህቴ' አለኝ። 'እህቴ' ደግሞ ማንም ይላል።"

ከሃያ ሁለት ጉርድ ሾላ በእግር ቢኬድ አንድ ሰዓት ነው። አያቴ በሰፈራችን ሃያ ዓመት ኖረዋል።

"መቃብሩ የት ነው?"

"ኮልፌ፣ የእስላም መቃብር።"

ታክሲ ያዝን። መቃብሩን ሳሳያቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

"ስንት ልጅ ወለደ?" አሉ።

እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ አባቴ እነግራቸው ጀመር።