ከሚጣ ጎን ማን ይቀመጣል

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ ለደስታ የትም ወጥቶ አያውቅም። ሲገናኙ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። አንዱ ሳያስበው ከት ብሎ ቢስቅ፣ አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል።

የሞተው ልጅ አቡሽ ይባል ነበር። ከእህቱ ከሚጣ ጋር መንታ ናቸው፤ አብረው ተወልደው፣ አብረው ጥርስ አብቅለው፣ አብረው ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ራሴን አመመኝ» አለ። ሲመሽ ትኩሳቱ እንደ እሳት ነደደ። ሆስፒታል ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። እናቱ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ሚጣ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ሽቅብ ሽቅብ ታያት ስለነበር ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ያያት ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» አለ፤ እሷም እንደተባለችው ሆና ቀረች።

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት የቤቱ በኩር፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን የስምሪት ኃላፊው አንድ ቆሞ የሚውል አውቶቡስ ለአንድ ቀን እንዲወስድ ፈቀደለት። ጋሼም እናቱን፣ እህት ወንድሞቹን፣ ባሎቻቸውንና ሚስቶቻቸውን ሳሎኑ ሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልተጠራችም። ባሏ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ብቻውን መጥቶ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ከከተማው ዳር ያለውን የመዝናኛ ፓርክ ከእናንተ ውስጥ ያየው አለ?» አለ ጋሼ።

«እኔ ከውጭ አይቼዋለሁ» አለ ታናሽ ወንድሙ ፀጉር አስተካካዩ። «በአጥሩ በኩል ሳልፍ ሰው ከላይ ሲጮህ ሰምቼ፣ ቤት ተቃጠለ ብዬ ባልዲ ፍለጋ ሮጫለሁ።»

ሳቅ ተነሳ፤ ወዲያው ደግሞ በረደ።

«እኔን ደግሞ በዚህ እድሜዬ ብረት ላይ አስራችሁ ልትወረውሩኝ ነው?» አሉ እናታቸው።

«እማማ፣ እርስዎና እኔ ከእንጨት ፈረሶቹ ንቅንቅ አንልም። እነሱም ቢሆኑ ቀስ ብለው የሚዞሩ ከሆነ ነው» አላቸው ፀጉር አስተካካዩ።

ከዚያ ምክሩ ቀጠለ፦ ምሳ ማን ያዘጋጅ፣ ዝናብ ቢመጣ የት ይጠለሉ፣ ትንንሾቹን ልጆች ማን ይጠብቅ። «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ» አለች የጋሼ ሚስት፣ «እዚህ ቤት ግን ሃምሳውም ሎሚ የሚጫነው እኔ ላይ ነው።» እሷው ናት ቆየት ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሷስ?» ያለችው።

ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገም።

«ቁስሏ ገና አልደረቀም» አለች ራሷው መልሳ። «ያን ሁሉ ልጅ ሲሯሯጥ እያየች ምን ልትሆን ነው? ሚጣን ብቻ እንውሰድ። እሷን በሰላሟ እንተዋት።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ ጋሼ። «ልጆቹንም አስጠንቅቁ።»

ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዞሩ። ሰውየው ከልጁ ሞት ወዲህ ሥራ የሚያበዛ፣ ቤቱን እንደ ማደሪያ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሆኗል። መዳፉን እያየ፣ «እናንተ ቤት ልትጫወት ነው ብዬ አመጣታለሁ» አለ።

ክፉ ያሰበ አልነበረም። ያሉትን ሁሉ ያሉት ከፍቅር ነው።

የልጅ ሆድ ግን ምስጢር ሲያድርበት ያማል። ነገሩን ከጋሼ ልጆች የሰማችው ሚጣ ምግቧን እያስተረፈች መነሳት ጀመረች። «ምን ሆንሽ?» ስትባል «ሆዴን» ትላለች። እናቷ አመመኝ የሚል ቃል ከሰማች በየሰዓቱ የእጇን ጀርባ በልጇ ግንባር ላይ ታስቀምጣለች፤ ግንባሯ ግን ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ካለበት ክፍል ውስጥ የሆቴል አስተናጋጆች ሽርጥ ስትሰፋ፣ ሚጣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ነበር።

«እማ።»

«ወይ።»

«ደስ ቢለኝ ትቆጪኛለሽ?»

የእናቷ እግር ከመርገጫው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ማነው ደስ አይበልሽ ያለሽ?»

«ማንም። ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። አንቺ ካወቅሽ ታዝኛለሽ። ስለዚህ ጓዳ ገብቼ ነው ደስ የሚለኝ።»

«ጓዳ ገብተሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። አፏን በሁለት እጇ አፍና፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ ወለሉ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ ዘለል ዘለል አለችላት። «እንዲህ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ሽርጡን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው። ሚጣ ድምፅ አጥፍታ የምትንቀሳቀሰው ከሐዘኗ የተነሳ ይመስላት ነበር። «ልጄ እንደኔው ጠንካራ ናት» እያለች ለሰው ትናገር ነበር። ለካ ልጅቱ እናቷን ስታስታምም ነው የከረመችው።

«ነይ» አለቻት። «ነይና ንገሪኝ። አልቆጣሽም።»

ሚጣ ሁሉንም ዘረገፈችው፦ አውቶቡሱን፣ ፈረሶቹን፣ ልጆቹ «እብዱ ባቡር» የሚሉትን፣ ቀስ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ እንደ ድንጋይ ቁልቁል የሚወረወረውን። እየነገረቻት ድምጿ ከፍ ከፍ አለ። በዚያን ምሽት የቀረበላትን ጨርሳ በላች።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተሰቡ ለመጨረሻ ምክክር ጋሼ ቤት በተሰበሰበበት ልብስ ሰፊዋ ሳታንኳኳ ገባች። የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ወሬው እንደ ክር ተበጠሰ።

«ቀጥሉ እንጂ» አለች። «አውቶቡሱ መቼ ነው የሚነሳው?»

ጋሼ ከመቀመጫው ተነሳ። «ቁጭ በይ እህቴ። ልንነግርሽ ነበር...»

«መቼ? ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ?»

«እንዳይከፋሽ ብለን ነው እኮ» አለች የጋሼ ሚስት።

«ከፍቶኛል እኮ እትዬ። የከፋኝ ደግሞ ዛሬ አይደለም።» ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ ነው የተናገረችው። «አንዱን አፈር ወሰደብኝ። ሁለተኛዋን ግን እኔና እናንተ ተባብረን በቁሟ ልንቀብራት ነው። ልጄ ለመዝለል ጓዳ ትገባለች። ሌባ ይመስል አፏን አፍና ነው ደስ የሚላት። ከማን ተማረችው? ከኔ ነው። ከእናንተም ነው።»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ወደ ባሏ ዞረች፤ ለእሱ ድምጿ ቀዘቀዘ።

«አንተም? ቀኑን ሙሉ ውሸት ተሸክመህ ልትውል?»

«ምን ልበልሽ» አለ። «ፈራሁ።»

እማማ ሶፋውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ እዚህ፣ አጠገቤ። ልጆቼ ሞኞች ናቸው። ያሳደግኳቸው እኔ ነኝና ጥፋቱን ለኔ አድርጊው።»

ሄዳ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ከመጣሽ አይቀር» አለ፣ «ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አንቺው ተናገሪ። እኛ ከጠዋት ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ሁለት ሰው እንኳ አላጣመርንም። እኔን ከአማቴ ጋር አስቀምጠውኛል፤ ፍረጂ።»

እውነቱን ነው። ዱሮ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ የሷ ሥራ ነበር። ከሽርጧ ኪስ አንድ እፍኝ ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ትልልቆቹ ጥቁር ቁልፎች አዋቂዎች ሆኑ፤ ትንንሾቹ ነጮች ልጆች። አውቶቡሱም እብዱ ባቡርም ወንበሩ ለሁለት ለሁለት ነውና ሁለት ሁለቱን አቀራረበች። ፈሪውን ከደፋር፣ ተደባዳቢውን ከታጋሽ፣ ማቅለሽለሽ የሚያስቸግራትን መስኮት ከማይፈልገው ጋር። ባሎችና ሚስቶች ጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። «ኧረ እነዚህን ለያዪያቸው፤ ይነካከሳሉ» ይላል አንዱ። ሌላው ይስቃል። ማንም ማንንም አልጎሸመም።

መጨረሻ ላይ አንዲት ነጭ ቁልፍ ብቻዋን ቀረች።

የጋሼ ሚስት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የኔ ልጅ ከሚጣ ጋር ትቀመጥ» አለች ቶሎ ብላ፣ «ትንሹን ልጄን እኔ...»

«ቆይ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ነጯን ቁልፍ ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ከጥቁሮቹ መሐል አንዷን ስባ አጠገቧ አስቀመጠች። «ይቺ እኔ ነኝ።»

«ወንበር ላይ ወጥተሽ አምፑል መቀየር የማትችይው?» አለ ባሏ ሳያስበው።

«እፈራለሁ» አለች። «አንተስ ፈርተህ የለ?»

የጉዞው ቀን ጠዋት ሚጣ ከሁሉም ቀድማ ለብሳ በር ላይ ቆመች። እናቷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች። አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ወለሉ ላይ። ባሏ ገብቶ አያት፤ ተንበርክኮ ጫማውን አጠለቀላት፣ ክሩንም አሰረላት።

«ካልሆነልሽ እንመለሳለን» አለ።

«ባይሆንልኝም አንመለስም።»

ፓርኩ በፀሐይና በጩኸት ተሞልቶ ነበር። የሚጠበስ ዘይትና የቀለጠ ስኳር ይሸታል። እማማ ገና ከበሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ቃሉን አክብሮ ከእንጨት ፈረሶቹ አልወርድ አለ። ሌሎቹ ለእብዱ ባቡር ተሰለፉ። ፊሽካ ያንጠለጠለው ሠራተኛ የልጆቹን ቁመት እየለካ አሳለፋቸው። ልብስ ሰፊዋና ሚጣ የፊተኛው ወንበር ደረሳቸው። ብረቱ ጭናቸው ላይ ሲወርድ ሚጣ የእናቷን እጅ ያዘች።

ባቡሩ በዝግታ ሽቅብ ወጣ። ሥሩ ያለው ሰንሰለት ቀጭ ቀጭ ይላል። የሰው ራስ፣ ከዚያ የዛፍ ጫፍ፣ ከዚያ የቤት ጣሪያ ከእግራቸው በታች ሆነ።

«እማ» አለች ሚጣ ጆሮዋ ሥር። «እዚህ ሰው ሁሉ ነው የሚጮኸው። አንቺም መጮህ ትችያለሽ። ማንም አያይሽም።»

ጫፍ ላይ ደረሰና ለቅጽበት ቆመ። ከዚያ ምድር ከሥራቸው ተነጠቀች።

ልብስ ሰፊዋ ጮኸች። መጀመሪያ የወጣው የፍርሃት ጩኸት ነበር። ሁለተኛው ግን ከሌላ ቦታ፣ ከአንጀቷ ሥር ነው የመጣው። «አቡሽ!» አለች። «አቡሽዬ! የኔ ልጅ!» ነፋሱ ቃሉን ከአፏ እየነጠቀ ወሰደው። ሚጣ ደንግጣ አየቻት። ቀጥላ እሷም አፏን በሰፊው ከፈተች፤ «አቡሽ!» ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። ባቡሩ ሲወጣ፣ ሲታጠፍ፣ ሲወርድ እናትና ልጅ አብረው ጠሩት። ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ይጮሃል። የሰማቸው አልነበረም።

ሲቆሙ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ፊቷ እስከ አንገቷ ርሶ ነበር። ሠራተኛው ብረቱን እያነሳ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ደህና ነዎት እናቴ?»

«ደህና ነኝ» አለች። ድምጿ ተዘግቷል።

የጋሼ ሚስት ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፤ ሁለቱም እንደተቃቀፉ ከመውጫው ደረጃ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። የሚያልፈው ሰው ዞር ዞር ብሎ ቢያያቸው ግድ አልነበራቸውም። ሚጣ አጠገባቸው ቆማ፣ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ሰልፉን ታያለች። አላስቻላትም።

«እማ፣ እንደገና ልውጣ? ግን አሁን ከሷ ጋር» አለች፣ የጋሼን ትልቋን ልጅ እያሳየች።

ሚጣን የያዘው የእናቷ እጅ ወዲያው አልተፈታም። ቆየት ብሎ ጣቶቿ አንድ በአንድ ላላ አሉ።

«ሂጂ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ አጥሩ ሄዳ ቆመች። ባሏ ውሃ ይዞላት መጣ። ሁለቱም ወደ ላይ አዩ።

«እሱ ቢሆን አይወጣም ነበር» አለ ባሏ ድንገት።

ከቀብሩ ወዲህ ስለ ልጁ በመካከላቸው የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ነው። እሷ ጠርሙሱን ከአፏ አወረደች።

«ፈሪ ነበር እኮ» አለ ባሏ ቀጥሎ። «ደረጃ እንኳ በቂጡ እየተንሸራተተ ነበር የሚወርደው።»

አስታወሰች። ከሞተ ወዲህ አቡሽ በሐሳቧ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ሆኖባት ነበር፦ የማይፈራ፣ የማያጠፋ፣ የማያስቸግር። እንዲህ ያለ ልጅ ወልዳ አታውቅም።

«ውሸታምም ነበር» አለች። «ብሩሹን ውሃ ያስነካና ጥርሴን ቦረሽኩ ይለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«አንተ!»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አይዞህ አላለችውም፤ ዝም በልም አላለችውም። ክንዷን በክንዱ አስገብታ፣ እስኪወጣለት ድረስ አጠገቡ ቆመች።

ከላይ ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ አለ። ባሏ ዓይኑን ጠርጎ ቀና አለ፤ ሁለቱም ከወንበሮቹ መሐል ሚጣን ፈለጉ።

«ያቻት» አለች እሷ። «ሁለተኛው ወንበር ላይ።»

«እጇን ለቃለች እንዴ?»

«ሁለቱንም!»

«ኧረ አንቺ ልጅ!» ብለው እናትና አባት እኩል ከአጥሩ ሥር ጮኹ። «ያዢ! ብረቱን ያዢ!»