የወይራው ጉማጅ

ምድር ቤቱን የእንጨት መሥሪያ ያደረግሁት ለአባቴ ብዬ ነበር። ደብረ ታቦር ያለው ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከሥሩ ሰፊ ክፍል አለው። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ አፈር ወለል ላይ ተቀምጠው፣ እንጨቱን በእግራቸው ረግጠው፣ አንድ የወይራ ጉማጅ ላይ እያስደገፉ ለገበሬው ቀንበር ጠርበዋል።

እኔ ወለሉን ሲሚንቶ አስለበስሁት። መብራት አስገባሁ፤ ወገብ የሚደርስ ጠረጴዛ ሠራሁ፤ መጋዞቹን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ የኤሌክትሪክ መላጊያ ገዛሁ። ጉማጁ ቦታ ሲይዝብኝ ፈለጥሁትና ማገዶ አደረግሁት።

አባቴ ወርደው አዩት። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ጉማጁ የነበረበትን ጥግ ቆመው ተመለከቱ።

«እንዴት ነው አባባ፣ ወደዱት?» አልኋቸው።

«አምሯል፣ ኸድር» አሉኝ።

በማግስቱ ግን ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ድንጋይ ላይ እያስደገፉ ይጠርቡ ጀመር። መጥረቢያው እያለፈ ድንጋዩን ሲመታ ከታች ይሰማኛል። «አይ ግትርነት! ይሄን ሁሉ ለማን ብዬ ነው የለፋሁት?» አልሁና ንድድ ብሎኝ ማሽኑን አስነሣሁበት። ድምፃቸው ጠፋልኝ።

ከሞቱ በኋላ መጥረቢያቸውን አነሣሁት። ለሰው የማያውሱት፣ በየጠዋቱ የሚስሉት ስለት እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። መሳያ ማሽን አለኝ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ እጄ እንቢ አለኝ።